ለተገረፈ እግር ሕጉ ስንት ይከፍላል?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ሰው ወደ ቢሮዬ መጣ። ቢሮዬ የምላት ቃሊቲ ውስጥ ከአንድ ቀለም መሸጫ ሱቅ በላይ የተከራየኋት ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቱ ሲከፈት ወደ ደብረ ዘይት የሚወርዱና ከዚያ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ጩኸት ይሞላታል። ሰውዬው ደረጃውን ሲወጣ ገና ከታች ነው የሰማሁት። አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ያርፋል፤ አንድ ይራመዳል፣ ያርፋል። ስልሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ከዘራ የያዘ፣ ንጹህ ኮት የለበሰ ሰው ነበር። ተቀምጦ ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ለተገረፈ እግር ሕጉ ስንት ይላል?»

ጠበቃ ነኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር፣ የውርስ ጉዳይ፣ የቤት ሽያጭ ውል የዕለት እንጀራዬ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አልለመድኩም። ከመደርደሪያው ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አወረድኩና አንቀጽ 2116ን ገልጬ አነበብኩለት። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሣ በምንም ምክንያት ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ አይችልም። ሰውዬው ጥቂት ዝም አለና መልሶ ጠየቀኝ።

«ለአንዱ እግር ነው ለሁለቱ?»

ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው። ጋሼ እያልኩ የምጠራው ይህ ሰው ቀድሞ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ተይዞ፣ በ2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ተፈታ። የት እንደታሰረና ማን እንደያዘው እዚህ አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና መንገድ ላይ ነው። ውስጥ እግሩን እንደተገረፈ፣ ከዚያም በኋላ ፍሪሲዮን ረግጦ መያዝ እንዳቃተው መናገር ግን ፈቅዶልኛል።

የምንኖርበት ሠፈር

አቃቂ ቃሊቲን ብዙው የከተማ ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በፋብሪካና በእስር ቤት። የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ጡሩምባ ሲነፋ የተነሡ ወላጆች ያሳደጉን ልጆች ዛሬ የምንሰማው የከባድ መኪና ጥሩምባ ነው። እስር ቤቱ ግን አለ። አሮጌው ዓለም በቃኝ ተዘግቶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ ሲለቀቅ፣ ወህኒ የሚለው ቃል ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደኛ ሠፈር መጣ። የቂሊንጦ ማረሚያ ቤትም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት ስንቅ በፌስታል የያዙ እናቶች ተራ ሲጠብቁ ማየት ለኛ እንደ ታክሲ ሰልፍ የተለመደ ነው።

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ በእሳት ሲጋይ ጭሱን ከቤታችን ደጃፍ ላይ ሆነን አየነው። መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር 23 ነበር። እሳቱን አስነሥተዋል ተብለው 38 ሰዎች ተከሰሱ። ከነርሱ ውስጥ በርካቶቹ በምርመራ ወቅት ድብደባና ስቃይ እንደተፈጸመባቸው ችሎት ፊት ልብሳቸውን ገልጠው አመለከቱ። ክሱ በኋላ ተቋረጠ። የክስ መቋረጥ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ «ይፈታ ወይስ ይታሰር?» የሚለውን። «ለደረሰበት ማን ይጠየቃል? ማንስ ይክሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ከሰውዬው ጋር አብሮ ከበሩ ይወጣል።

ድብደባ፣ ግርፋት፣ ቶርቸር

ለመሆኑ ሕጉ ስለምን እንደሚናገር እናውቃለን? አማርኛችን ለዚህ ድርጊት አንድ የተረጋገጠ ቃል የለውም። ሕገ መንግሥቱ ኢሰብዓዊ የድብደባ ድርጊት ይለዋል። የሰብዓዊ መብት ሰዎች ማሰቃየት ይሉታል። እስር ቤት ያለፈ ሰው ደግሞ ቶርቸር ወይም ግርፋት ይላል፤ በደርግ ዘመን ያለፈ ሰውማ ወፌ ላላ ካለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቃሉ ስላልጠራ ብዙ ሰው ነገሩን «ፖሊስ ትንሽ መታ መታ አደረገው» ብሎ ያልፈዋል።

ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ቶርቸር ስምምነት ግን ጉዳዩን በአራት ነጥብ ይለየዋል። አንደኛ፣ በአካል ወይም በአእምሮ ላይ ከባድ ስቃይ መድረስ አለበት። ሁለተኛ፣ ስቃዩ ሆን ተብሎ የተፈጸመ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ዓላማ ሊኖረው ይገባል፤ ቃል ለማውጣት፣ ለመቅጣት፣ ለማስፈራራት ወይም በአድልዎ ምክንያት። አራተኛ፣ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ሰው ራሱ የፈጸመው፣ ያዘዘው ወይም እያወቀ ያለፈው መሆን አለበት። መንደር ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን ቢደበድብ ከባድ ወንጀል ነው፤ ቶርቸር ግን አይደለም። ቶርቸርን የተለየ የሚያደርገው፣ ሊጠብቅህ ደመወዝ የሚከፈለው እጅ መልሶ አንተኑ መምታቱ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በዚህ ረገድ አይታማም። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ይዘረዝርና ኢሰብዓዊ ድብደባን ከነርሱ ውስጥ ቆጥሮ፣ በይርጋ እንደማይታገዱ፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይናገራል። ከዚህ በላይ ጠንካራ ቃል ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሩ ከሕገ መንግሥቱ ወርደን ወደ ዝርዝር ሕጎች ስንመጣ ይጀምራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን ወይም እስረኛን የሚደበድብ፣ የሚያስፈራራ ወይም የሚያሰቃይ ባለሥልጣን በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ስምምነቱ ያስቀመጠውን ሙሉ ትርጉም ግን አልያዘም። ስለዚህ አንድ መርማሪ የሰው እግር አንጠልጥሎ ቢገርፍ በመቀጮ ብቻ የሚወጣበት ቀዳዳ ሕጉ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ሺህ ብሩ ከየት መጣ?

ወደ ካሣው ልመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ሁለት ብር ተኩል ገደማ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሚመነዘርበት ዘመን አራት መቶ ዶላር ማለት ነው። ዛሬ አሥር ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ግን ሕጉ ላይ እንደተጻፈ ቀረ።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልለይ። ሺህ ብሩ ጣሪያ የሆነው ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም ለስቃዩ፣ ለውርደቱ፣ ሌሊት ሌሊት ለሚያባንነው ሕልም ነው። በገንዘብ ሊቆጠር የሚችለው ጉዳት ጣሪያ የለውም። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ፣ ሁሉ በጉዳቱ ልክ ይከፈላል። መጠኑን በትክክል ማስላት ካልተቻለም ዳኛው በርትዕ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ለጋሼ እንዲህ አልኩት፤ «ስለ ስቃይዎ ሺህ ብር፤ ስለ መሪዎ ግን የጠፋውን ሁሉ መጠየቅ እንችላለን።»

ማንን ነው የምንከሰው? ሕጉ በአንቀጽ 2126 አጥፊው ሠራተኛ በግሉ ተጠያቂ ነው ይላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት ከፍሎ ከሠራተኛው ላይ ያስመልሳል። መልካም ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 2127 ግን የሥራ ጥፋት የሚባለው አጥፊው በቅን ልቡና በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም የሠራ መስሎት የፈጸመው ሲሆን ነው ይላል። ከዚህ ውጭ ያለው የግል ጥፋት ነው።

እስቲ ይህንን ከጋሼ ጉዳይ ጋር አያይዘን እንየው። መንግሥት ቀርቦ «ግርፋት በሕገ መንግሥት የተከለከለ ነው፤ የተከለከለ ነገር ያደረገ ሰው ቅን ልቡና የለውም፤ ስለዚህ የግል ጥፋቱ ነው፤ እሱን ክሰሱ» ቢል ምን እንመልሳለን? ጥፋቱ በከበደ ቁጥር መንግሥት ከኃላፊነት እየራቀ ይሄዳል ማለት ነው። የሚከሰሰውን ግለሰብ እናግኝ ብንል ደግሞ ጋሼ የነገረኝ ይህ ነው፤ «ዓይኔን ሸፍነውኝ ነበር። የማውቀው ድምፃቸውን ነው። አንዱ ያስል ነበር።»

እኛ የምናቀርበው መልስ ሕገ መንግሥቱ ላይ የቆመ ነው። አንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የፀረ ቶርቸር ስምምነት አንቀጽ 14 ደግሞ እያንዳንዱ አባል አገር የተጎዳው ሰው ፍትሐዊና በቂ ካሣ፣ በተቻለ መጠንም ሙሉ ማገገሚያ እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሰውዬው ቢሞት ቤተሰቡ ይካሳል። ግዴታው የመንግሥት ነው። ሺህ ብር ደግሞ በማንኛውም ሚዛን «በቂ» ሊባል አይችልም። ይህ ክርክር ከተነሣ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ወደ ሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ የሚልክበት መንገድ አለ።

የይርጋው ጉዳይም አለ። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጋሼ ከተፈታ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ብቻ ስንት ሰው ከደጅ ተመልሷል! ሆኖም የሁለት ዓመቱ ደንብ ያለበት አንቀጽ 2143 ራሱ፣ ጉዳቱ የመጣው ከወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል ይላል። ኢሰብዓዊ ድብደባ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሥር ሲወድቅ ይርጋ የለበትም። ዳኞች ሁሉ ይቀበሉታል ብዬ አልምልም። ነገር ግን የሚያስኬድ ክርክር ነው።

ማስረጃው የት አለ?

የግርፋት ጠባሳ እንደ ውል አይቀመጥም። ቁስል ይድናል፣ ምስክር ይፈራል፣ ሐኪም ይዛወራል። ሆስፒታሎች የጉዳት ማስረጃ ለመስጠት ብዙ ጊዜ የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን የሚጽፈው አካል አንዳንዴ ራሱ የተከሰሰው አካል ሲሆን ምን ይደረጋል?

ለዚህ ዓለም አንድ መሣሪያ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ተዘጋጅቶ ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው፣ በ2022ም የታደሰው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች የቶርቸርን ምልክት እንዴት እንደሚመረምሩና እንደሚመዘግቡ በዝርዝር ያስተምራል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ሐኪሙ «ተገርፏል» ወይም «አልተገረፈም» ብሎ አይፈርድም። ሰውዬው የነገረው ታሪክና አካሉ ላይ የሚታየው ምልክት ምን ያህል ይጣጣማሉ የሚለውን በደረጃ ያስቀምጣል። ውስጥ እግርን መግረፍ ከውጭ ጠባሳ ሳይተው የእግርን ሥጋና ጅማት ጎድቶ አረማመድን እንደሚለውጥም ያስረዳል። የአእምሮ ጉዳትም፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ መባነንን፣ ከሰው መሸሽን ጨምሮ፣ እኩል ማስረጃ ነው።

ከጋሼ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። አጥንት ሐኪም አየው፣ የአእምሮ ሐኪም አነጋገረው። የታሰረበትና የተፈታበት ቀን ያለበትን ወረቀት አገኘን። የቀድሞ አሠሪው የጻፈለት ደብዳቤ ደግሞ «ከሥራ ገበታው በመቅረቱ ተሰናብቷል» ይላል። ሰውዬው የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀም።

ለወደፊቱ የሚጠቅም ምክር እዚህ ላይ ልተው። አንድ ሰው ተይዞ ድብደባ ከደረሰበት፣ ፍርድ ቤት በቀረበ የመጀመሪያው ቀን ለዳኛው ይናገር፤ መናገር ብቻ ሳይሆን መዝገብ ላይ እንዲሰፍርለት ይጠይቅ። ቤተሰብ በጥየቃ ቀን ያየውን፣ ቀንና ሰዓት ጨምሮ፣ ማታውኑ ይጻፍ። በደም የተበከለ ልብስ ለመታጠብ ከወጣ አይታጠብ። ከተፈታ በኋላ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ። ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ማመልከትም ገንዘብ አያስከፍልም። ኮሚሽኑ መቅጣት አይችልም፤ የመረመረው ጉዳይ ሪፖርት ግን ነገ ፍርድ ቤት ፊት የሚቆም ወረቀት ነው። የዳኝነት ክፍያ የሌለው ሰውም በደሃ ደንብ ክስ መመሥረት እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል።

ትናንት ያልተከፈለ ዕዳ

ይህች አገር አጥፊን ለፍርድ በማቅረብ ረገድ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ 5,198 ሰዎችን ከሰሰ። ከነርሱ 146ቱ ፖሊሲ አውጪና ውሳኔ ሰጪ፣ 2,433ቱ የመስክ አዛዦች፣ 2,619ኙ ድርጊቱን በቀጥታ የፈጸሙ ተብለው ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ የጥፋተኝነት ውሳኔው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ነበር የቀረው። በ2000 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ተፈረደ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ በአመክሮ ተፈቱ።

በዚያ ሁሉ ሂደት የተገረፉት ሰዎች ድርሻ ምን ነበር? ምስክርነት። መጡ፣ ማሉ፣ አለቀሱ፣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ካሣም የሕክምና ማዕከልም ከዚያ ችሎት አልወጣም። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሙታንን ያስታውሳል። በሕይወት የተረፉት ግን ዛሬም እግራቸውን በሙቅ ውሃ እየዘፈዘፉ ያድራሉ።

ካሣ የተፈረደው ባሕር ማዶ ነው። እድገአየሁ ታዬ የምትባል በደርግ ዘመን ከፍተኛ 9 ታስራ የተገረፈች ኢትዮጵያዊት አትላንታ ከተማ በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ የከፍተኛው ሊቀ መንበር የነበረውን ቀልቤሳ ነገዎን ሠራተኛ ሆኖ አገኘችው። እርሷ፣ ኤልሳቤጥ ደምሴና ሂሩት አበበ ጅሪ ሦስቱ ከሰሱት። የተከሰሰው እ.ኤ.አ. በ1789 በወጣ፣ የውጭ አገር ሰዎች ዓለም አቀፍ ሕግን በመጣስ ለደረሰባቸው በደል ካሣ መጠየቅ እንዲችሉ በሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ነው። በ1985 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ ይግባኙም አልጠቀመውም። እርሱ ደግሞ ፍርዱ እያለ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ ነበር። በኋላ ተገፎ በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ እዚህም በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ነበር። በሆቴል ሻንጣ ከሚሸከም ሰው ላይ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ማስከፈል እንደማይቻል ሦስቱም ሴቶች ገና ሲጀምሩ ያውቁት ነበር። ታዲያ ለምን ደከሙ? መልሱን በመጨረሻ ላይ ከጋሼ አፍ እንሰማዋለን።

አውሮፓም ውስጥ የሄግ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. እሸቱ ዓለሙ የተባለውን የደርግ ሹም በጎጃም በ1970 ዓ.ም. ለተፈጸመ የ75 እስረኞች ግድያና በእስረኞች ላይ ለደረሰ ጭካኔ የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል። ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉ?

ጎረቤታችን ኬንያን እንውሰድ። በማው ማው ዘመን በእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች የተሰቃዩ ሽማግሌዎች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለንደን ሄደው ከሰሱ። የእንግሊዝ መንግሥት «ጊዜው አልፏል» ብሎ ተከራከረ፤ ዳኛው አልተቀበለውም። ግንቦት 29 ቀን 2005 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለ5,228 ሰዎች 19.9 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ፣ በፓርላማ መጸጸቱን ገለጸ፣ ናይሮቢ ውስጥ ለሚቆም መታሰቢያም ገንዘብ ሰጠ። በኋለኛው ዘመን በናይሮቢው ኛዮ ሕንፃ ምድር ቤት የተሰቃዩ ኬንያውያን ደግሞ የራሳቸውን መንግሥት በራሳቸው ፍርድ ቤት ከስሰው ካሣ አስፈርደዋል።

የቻድ ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ሒሴን ሀብሬ በዳካር በተቋቋመ የአፍሪካ ልዩ ችሎት ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው 7,396 ተጎጂዎች ከ82 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ በላይ እንዲከፈላቸው ወሰነ። ሀብሬ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሲሞት ተጎጂዎቹ ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አልደረሳቸውም ነበር። ከዚህ የምንማረው ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ለሁለተኛው አስቀድሞ የተዘጋጀ ፈንድ ያስፈልጋል።

ካሣ ገንዘብ ብቻ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2005 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ያወጣቸው መርሆዎች ተጎጂን የመካስ ሥራ አምስት መልክ አለው ይላሉ። ወደ ነበረበት መመለስ፣ ማለትም ሥራውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ስሙን። በገንዘብ መካስ። ማገገሚያ፣ ማለትም የአካልና የአእምሮ ሕክምና። ክብርን መመለስ፣ ማለትም እውነቱን ይፋ ማውጣትና ይቅርታ መጠየቅ። በመጨረሻም እንዳይደገም ዋስትና መስጠት።

በዚህ ሚዛን ያለፉትን ዓመታት እንመዝን። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰው ጨለማ ቤት አስገብቶ መግረፍ የመንግሥት ሽብር እንደነበር በይፋ አመኑ። ማዕከላዊ ተዘጋ፤ በኋላም ለጎብኚ ተከፈተ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በአዲስ አበባ ብቻ ሰባት ስውር እስር ቤቶች እንደነበሩ ተናግረው በርካታ ሹማምንት ታሰሩ። ይህ የአራተኛው መልክ ጅማሬ ነበር። ገንዘቡና ሕክምናው ግን አልተከተለም። የዕርቀ ሰላም ኮሚሽንም በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 ተቋቁሞ ሳያካክስ ፈረሰ። ከዚያም ወዲህ ጦርነት መጣ፤ በትግራይ፣ በአማራና በኦሮሚያ አዲስ የተጎዱ ሰዎች በወረፋው ላይ ተጨመሩ።

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ችሎትን፣ እውነት አፈላላጊ ኮሚሽንንና የተጎጂዎችን መካስ አንድ ላይ አንሥቷል። ፖሊሲ ግን ብቻውን ካሣ አይከፍልም። ካሣውን ሕግ፣ በጀትና ተቋም ያስፈልገዋል። ጥያቄያችን አጭር ነው። የቶርቸር ትርጉም ወንጀል ሕጉ ውስጥ ይግባ። የሺህ ብሩ ጣሪያ ይነሣ። የመንግሥት ኃላፊነት በአጥፊው ቅን ልቡና ላይ መንጠልጠሉ ይቅር። የተጎጂዎች ፈንድ፣ የፍርድ ውሳኔ ሳይጠብቅ ሐኪም የሚከፍል፣ ይቋቋም።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛስ? ይህንን የሚያነብ ሐኪም ካለ፣ የሚያነክስ በሽተኛ ሲመጣ «ምን ሆንክ?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱንም ካርዱ ላይ ይጻፍ። የሰው ኃይል ኃላፊ ከሆኑ «ከሥራ ገበታው በመቅረቱ» ከሚል ደብዳቤ በፊት የት እንደነበረ ያጣሩ። ዳኛ ከሆኑ፣ ልብሱን ሊገልጥ የተነሣን ተከሳሽ «ተቀመጥ» አይበሉት።

ሺህ ብሩን ልጠይቅ

ጋሼን ሁሉንም ነገር ከነገርኩት በኋላ ምርጫውን ለራሱ ተውኩለት። ክርክሩ ዓመታት ሊወስድ እንደሚችል፣ ልንሸነፍ እንደምንችል፣ ቢፈረድልን እንኳ ለስቃዩ የሚገኘው ሺህ ብር ሊሆን እንደሚችል አስረዳሁት። እኔ ራሴ ተስፋ ያስቆረጥኩት መስሎኝ ነበር።

«ሴት ልጅ አለችኝ» አለ። «ስፈታ ገና ልጅ ነበረች። ለምን እንደማነክስ ጠየቀችኝ። የመኪና አደጋ ነው አልኳት። ሾፌር አይደለሁ፣ አመነችኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። እኔ ብነግራት አባባ ይህን ሁሉ ዘመን ዋሸኝ ትላለች። ዳኛ ማኅተም አድርጎ ከጻፈው ግን እውነት ይሆናል።»

ከዘራውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፎ ቀጠለ።

«ሺህ ብሩን ጠይቅልኝ። ሌላውን ከሰጡ ይስጡ። ወረቀቱ ላይ ግን 'ተገርፏል' የሚል ቃል ይኑርበት። ሌላ ቃል እንዳይተኩበት።»

የክስ ማመልከቻውን ጽፈን ጨርሰናል። የዳኝነት ክፍያውን በደሃ ደንብ ጠይቀናል። በማመልከቻው ሦስተኛ ገጽ ላይ «ድብደባ» ብዬ ጽፌው የነበረውን ቃል ሰርዤ «ግርፋት» አድርጌዋለሁ። መዝገቡ የሚከፈትበትን ቀን እየጠበቅን ነው።